ደህና በሆኑበት ቀን የሚዋጥ ክኒን፦ ስለ ሉፐስ ደሴ ላይ የተደረገ ንግግር

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። ወሎ ላይ በአንዱ ብቻ መጀመር አይቻልም።

ሐኪም አይደለሁም፤ ፋርማሲስት ነኝ። ሥራዬ መስኮት ላይ ነው። በመስኮቱ ማዘዣ ይገባል፣ መድኃኒት ይወጣል። ሰው ግን ሐኪሙ ፊት ያልደፈረውን ጥያቄ እኔ ጋ ሲደርስ ያወጣዋል። "ይሄን ነገር እስከ መቼ ነው የምውጠው?" "ለባሌ ምን ብዬ ልንገረው?" "የወባ መድኃኒት ነው የሚሉት እውነት ነው?" ዛሬ የማወራችሁ ከእነዚህ ጥያቄዎች ተነስቼ ነው።

ዋናውን ነገር ግን መጀመሪያ ልበልና ልገላገል። ሉፐስ ያለባት ሴት ስትታመም ቤተሰብ ይሯሯጣል። መኪና ይፈለጋል፣ ብር ይዋጣል፣ አዲስ አበባ ላለው አጎት ይደወላል። ያ ቀን እኔን ብዙም አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ደህና የሆነችበት ቀን ነው። ክኒን የሚቋረጠው ያኔ ነው። ቀጠሮ የሚዘለለው ያኔ ነው። ኩላሊት የሚጎዳውም ብዙ ጊዜ ምንም ሳያም ነው።

እስቲ ከበሽታው እንጀምር። ገጠር ያደጋችሁ ግቢ የሚጠብቅ ውሻ ታውቃላችሁ። ጅብ ሲመጣ ይጮኻል፣ ሌባ ሲመጣ ይነክሳል። ሰውነታችንም እንዲህ ያለ ጠባቂ አለው። ጀርም ሲገባ ለይቶ ያጠቃል። ሉፐስ ማለት ይህ ጠባቂ የቤቱን ሰው መለየት ሲያቅተው ነው። አንቲቦዲ የሚባሉት መከላከያዎቹ ዞረው የራሳችንን ሕዋስ፣ ያውም የሕዋሱን አስኳል ያጠቃሉ። ከዚያ ካጠቁት ነገር ጋር እንደተጣበቁ በደም ይዞራሉ። ኩላሊት ላይ፣ ቆዳ ላይ፣ መገጣጠሚያ ላይ ይከማቻሉ። የተከማቹበት ቦታ ይቆጣል፣ ያብጣል።

"የመከላከል አቅም" የሚል ነገር ሲነሳ ብዙ ሰው ኤችአይቪ ትዝ ይለዋል። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ኤችአይቪ ጠባቂውን ይገድለዋል። ሉፐስ ላይ ጠባቂው አለ፤ ያስቸገረውም እሱ ነው። ሉፐስ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በመሳሳም አይተላለፍም፣ በአልጋ አይተላለፍም። አንድ ትሪ ላይ መብላት ይቻላል። ካንሰርም አይደለም።

ኮሮና ከመጣ ወዲህ ደግሞ "ኢሙኒቲ የሚጨምር" የሚባል ዱቄትና ጁስ በዝቷል። ሉፐስ ላለባት ሴት ይህን መስጠት የተቆጣውን ውሻ መነካካት ነው። በተለይ አልፋልፋ። እኛ የከብት መኖ ብለን የምናውቀው ነው፤ ዛሬ ግን ዱቄቱም ቡቃያውም ለሰው ጤና እየተባለ ይሸጣል። ውስጡ ያለ አንድ ንጥረ ነገር ሉፐስን እንደሚቀሰቅስ ታውቋል። ወጥ ውስጥ ከሚገባ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ጋር ጠብ የለኝም።

ከ10 ታማሚ 9ኙ ሴቶች ናቸው። አብዛኞቹ ላይ የሚጀምረው ከ15 እስከ 44 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ትምህርት፣ ጋብቻና ልጅ የሚመጡበት ጊዜ ማለት ነው። ወንድም ይይዛል፣ ሕፃንም ይይዛል፤ ግን ያንሳል። መነሻው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። በዘር የሚመጣ ዝንባሌ አለ፤ ሆርሞን አለበት፤ ከዚያ ደግሞ ፀሐይ፣ አንዳንድ ቫይረስ፣ ሲጋራ፣ አንዳንድ መድኃኒት ይጨመርበታል። ፍጹም ከሚመሳሰሉ መንታዎች አንዷን ይዞ ሌላዋን የሚተውበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ "በእኔ ነው የመጣባት" እያላችሁ የምታለቅሱ እናቶች፣ ተዉት። እርግማንም አይደለም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው እንሂድ። ይሄ በሽታ በሌላ በሽታ ስም ብዙ ዓመት ይኖራል።

ልጅቷ ይደክማታል። ማታ ማታ ያተኩሳታል። ክሊኒክ ትሄዳለች፤ ደም ትሰጣለች፤ "ታይፎይድና ታይፈስ" ተብላ ክኒን ይዛ ትመለሳለች። ትንሽ ሻል ይላታል። ወር ሳይሞላ እንደገና ያው ነው። እንደገና ታይፎይድ ይባላል። በየክሊኒኩ የሚሠራው የታይፎይድ የደም ምርመራ ታይፎይድ የሌለበትንም ሰው "አለብህ" ሊል ይችላል። አንድ ሰው በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ታይፎይድ ከተባለ ታይፎይዱን ትቶ ሌላ ነገር መፈለግ ነው።

ጠዋት ስትነሳ ጣቶቿ አልታጠፍ ይሏታል። ሊጥ ማቡካት ያቅታታል። ረፈድ ሲል ይለቃታል። "ሪህ ነው" ይባላል፤ ካልሆነም የደሴ ብርድ ነው ይባላል። ብርዱን አልክድም። ግን የሃያ ዓመት ልጅ ግራና ቀኝ እጇ አብጦ ለሳምንታት ከቆየ ብርድ ብቻ አይሆንም።

ፊት ላይ ሲወጣ ደግሞ ሁለት ስም አለው። ፀሐይ ላይ ውላ ከመጣች ምች ነው ይባልና ዳማከሴ ይታሻል። ቀስ ብሎ ከወጣ ማድያት ነው ይባልና ክሬም ይገዛል። ስለ ምች እናቶቻችን ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ሽፍታውን ከፀሐይ ጋር ማያያዛቸው ትክክል ነው። የሉፐሱ ሽፍታ ከጉንጭ ወደ ጉንጭ አፍንጫ ላይ አልፎ ይሄዳል። ከአፍንጫ ወደ ከንፈር ጥግ የሚወርደውን መስመር ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። መጽሐፍ ላይ ቀይ ሆኖ ታዩታላችሁ፤ ፎቶው የነጭ ሰው ነው። እኛ ቆዳ ላይ ጠቆር ያለ፣ ወደ ሐምራዊ የሚወስደው ሆኖ ይወጣል። ክሬሙ ውስጥ ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ የሚባል ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት አለ። ለጊዜው ያጠፋዋል፣ ቆዳውን ያሳሳል፣ ሐኪሙም እንዳያየው ይሸፍነዋል።

ፀጉር በእፍኝ ይነቀላል። ላንቃ ላይ የማያም ቁስል ይወጣል። ትንፋሽ ሲሳብ ደረት ይወጋል። ብርድ ሲነካቸው ጣቶች ይነጣሉ፣ ይጠቁራሉ፣ ከዚያ ይቀላሉ። አንዳንዷ ላይ ጭንቅላት ይነካል። ይጥላታል፣ ወይም ያልተለመደ ነገር ታወራለች። ያኔ ጂን ነው፣ ዛር ነው ይባላል። ከዚያ በኋላ ወደ ሐኪም ቤት የሚያመጣት ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

አንድ የባሰ ነገር ልንገራችሁ። ነፍሰ ጡር ስትመረመር የቂጥኝ ምርመራ ይሠራላታል። ቪዲአርኤል ይሉታል። የአንዳንድ ሉፐስ ታማሚ አንቲቦዲ ይህን ምርመራ ያሳስተዋል። ቂጥኝ ሳይኖር "አለ" ይላል። አንዲት ልጅ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዛ መስኮቴ ላይ ቆማለች። ባሏ ደረጃው ላይ ጀርባውን ሰጥቶናል። "ወንድምዬ፣ ወላሂ ከሱ ሌላ ሰው አላውቅም" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ጣቶቿ አብጠዋል፤ ቀለበቷ በክር ታስሮ አንገቷ ላይ ነው። "እህቴ፣ አብሽሪ። ሌላ ማረጋገጫ ምርመራ አለ፤ ቲፒኤችኤ ይባላል። መጀመሪያ እሱን አሠሪ" አልኳት፤ ባሏንም ጠራሁት። ቂጥኝ አልነበረባትም። ወረቀቱን የሰጣት ሰው ይህን ሊነግራት ይገባ ነበር። እንዲህ ያለ የተሳሳተ ውጤት ሲገኝ "እሰይ፣ የለም" ብሎ መቅረትም አይገባም። ያው አንቲቦዲ ደም ያረጋል፣ ጽንስም ያስወርዳል። ተከታትሎ ማጣራት ያስፈልጋል።

ስለ ሉፐሱ ምርመራ አጠር አድርጌ ልለፍ። ኤኤንኤ የሚባል የደም ምርመራ አለ። ሉፐስ ያለበት ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ይገኝበታል። ችግሩ ጤነኛ ሰው ላይም ይገኛል። ስለዚህ ወረቀቱን ብቻ አይቶ "ሉፐስ አለብሽ" ማለት አይቻልም። ሐኪሙ መገጣጠሚያውን፣ ቆዳውን፣ ደሙንና ሽንቱን አንድ ላይ አይቶ ነው የሚፈርደው። የመገጣጠሚያና የሉፐስ ስፔሻሊስት በአገሪቱ በጣም ጥቂት ነው። የውስጥ ደዌ ሐኪም ግን ደሴ ላይም አለ። መጀመሪያ እሱ ጋ ሂዱ።

አሁን ስለ ሽንት ላውራ፤ አትሳቁ።

ከታማሚዎቹ እስከ ግማሽ የሚደርሱት ላይ በሆነ ጊዜ ኩላሊት ይነካል። ኩላሊት ሲነካ ቁርጭምጭሚት ያብጣል፣ ሽንት አረፋ ይሠራል፣ ደም ግፊት ይወጣል። ይሄ ሁሉ ከመታየቱ በፊት ግን ፕሮቲን በሽንት መውጣት ይጀምራል። ልጅቷ ግን ምንም አይታወቃትም። ትስቃለች፣ ትማራለች፣ ሠርግ ትሄዳለች። ላቦራቶሪው ውስጥ አንዲት ቀጭን ወረቀት ሽንቱ ውስጥ ትነከራለች። ወረቀቷ ላይ ያለችው ቢጫ ምልክት ወደ አረንጓዴ ከተቀየረች ፕሮቲን አለ። ይኸው ነው። ሉፐስን ለመከታተል ከሚሠራው ምርመራ ሁሉ ርካሹ ይሄ ነው፤ ሰው የሚንቀውም እሱን ነው። ደህና ብትሆንም በየሦስት ወሩ ሽንቷ ይታይ፣ ደም ግፊቷ ይለካ። ኩላሊት በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል። ካለፈ በኋላ እጥበት ነው። የእጥበቱን ወጪ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ወደ መስኮቴ ልመለስ። ዋናው መድኃኒት ሀይድሮክሲክሎሮኪን ነው። ስሙ ምላስ ስለሚያስር እኛ ጋ "የወባዋ" ነው የምትባለው። ከባቲ የመጡ አንዲት እናት ክኒኑን መልሰው ገፉልኝ። "ልጄ፣ የእኔ ልጅ ወባ የለባትም። ደሟን አይተናል።" ልክ ናቸው፤ ቆላ ያደገ ሰው ስለ ወባ ከእኔ ይበልጥ ያውቃል። "እማማ፣ ለወባ አይደለም የታዘዘላት" ብዬ ማስረዳት ያዝኩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወባ መድኃኒት ይወስዱ ከነበሩ ወታደሮች መካከል የቆዳ ሽፍታና ቁርጥማት የነበረባቸው እየተሻላቸው መጣ። ሐኪሞች ከዚያ ተነሱ። ሀይድሮክሲክሎሮኪን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1955 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ጠባቂውን ሳይገድል አደብ ያስገዛዋል። በሽታው እንዳይነሳ ይይዛል፣ ኩላሊትንም ያግዛል።

ችግሩ ቀስ ብሎ መሥራቱ ነው። ውጤቱ እስኪታይ ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል። ብዙዎች አንድ ወር ወስደው "ምንም አላደረገልኝም" ብለው ይተዋሉ። ሌሎች ደግሞ ስድስት ወር ወስደው ይሻላቸዋል፤ "ድኛለሁ" ብለው ይተዋሉ። የተሻላቸው ክኒኑን ስለወሰዱ ነው። ዓይን ይጎዳል የሚባለውም አለ። እውነት ነው፣ ግን መጠኑን እንወቅ። በቀን ከሰውነት ክብደት ለአንድ ኪሎ ከ5 ሚሊ ግራም ካላለፈ፣ እስከ 10 ዓመት ድረስ ዓይናቸው የሚነካው ከ100 ሰው 2 አይሞሉም። ሲጀመር ዓይን መታየት፣ ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ መታየት ነው። ኩላሊቷ የተነካ ከሆነ ቀደም ይላል። ክኒኗ ባለ 200 ሚሊ ግራም ናት፤ 40 ኪሎ የሆነች ልጅ በቀን አንድ ይበቃታል። ስለዚህ ሚዛን ላይ ውጡ ስላችሁ አትቆጡኝ።

ሁለተኛው ፕሬድኒሶሎን ነው። ይሄ ቶሎ ይሠራል፤ ሕይወት ያተርፋል። ዋጋም ያስከፍላል። ስኳር ያወጣል፣ ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ፊት ክብ ያደርጋል። እኛ አገር ደግሞ ፊት ሲሞላ ይወደዳል። "አማረብሽ! ምን በልተሽ ነው?" ይላል ጎረቤት። ክኒኑን "እኔም ልሞክረው" ብላ የጠየቀችኝ አለች፤ አልሰጠኋትም። ሐኪሙ መጠኑን ቀስ በቀስ ማውረድ ይፈልጋል። ቀስ በቀስ ያልኩትን ያዙልኝ። ለሳምንታት የወሰደች ሴት በድንገት ካቆመች ልትወድቅ ትችላለች፤ ሰውነቷ ይህን መድኃኒት የሚመስለውን የራሱን ሆርሞን ማምረት ትቷልና።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ይሄን በዓይናችን አየነው። ጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ መድኃኒት ቤቶች ባዶ ሆኑ። ሰው መድኃኒቱን ያቆመው ወዶ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም የምለው አንድ ነው። የአንድ ወር ትርፍ ቤት ይኑራችሁ። የመድኃኒቱን ስምና መጠን ወረቀት ላይ ጻፉና ቦርሳ ውስጥ አድርጉ፤ የትም ብትደርሱ ሌላ ባለሙያ ያነበዋል።

አዛታዮፕሪን፣ ማይኮፌኖሌት፣ ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባሉም አሉ። ከባድ ሲሆን፣ በተለይ ለኩላሊት ይታዘዛሉ። እነሱን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ።

ከራሳችን መደርደሪያ ግን ሁለት ነገር ላስጠንቅቅ፤ የሙያ ጓደኞቼ ቢከፉም። የዳይክሎፌናክ መርፌና ክኒን "ለቁርጥማት" እየተባለ ያለ ማዘዣ ይሸጣል። የተነካ ኩላሊትን ይጨርሳል። ኮትሪሞክሳዞል ደግሞ ሰልፋ የሚባል ንጥረ ነገር ያለበት ፀረ ባክቴሪያ ነው፤ ሉፐስን ሊቀሰቅስ ይችላል። መድኃኒት ቤት ስትገቡ መጀመሪያ "ሉፐስ አለብኝ" በሉ። ሻጩ ካልገባው ሌላ ጋ ሂዱ።

ፀሐይ ነገር። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች። በየ1,000 ሜትሩ ቆዳ የሚጎዳው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብርድ ስለሆነ ፀሐዩ የለም ማለት አይደለም። ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ቢኖርም ጨረሩ ያልፋል። ታማሚዋ ፀሐይ ላይ ስትውል ሽፍታው ብቻ አይደለም የሚነሳው፤ ከቀናት በኋላ ቁርጥማቱም ድካሙም ይከተላል። ደግነቱ የወሎ ሴት ጥላ መያዝ አታፍርም። ረጅም እጅጌ፣ ሻሽ፣ ሂጃብ ጥሩ ነው። ሳሳ ያለ ነጠላ ብዙም አይከላከልም፤ ደርቡት። ፊት ላይ የሚቀባ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ከቻላችሁ 30ና ከዚያ በላይ የሚለውን ግዙ። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። አረም የምታርም፣ አጨዳ ያለባት ሴት "ፀሐይ ላይ አትውዪ" ብትባል ምን ትብላ? እዚህ ላይ ሥራው የቤተሰቡ ነው። ማለዳና አመሻሽ እሷ ትሥራ፣ ቀትሩን ሌላው ይያዝ።

ጸበልና ዱዓ አትከልክሉን የሚል አለ። ማን ከልክሎ! ክኒኑ ብቻ አይቁም። ግሸን ለመስከረም 21 የምትወጡ ጥላና መድኃኒት ያዙ። ጣቷ ብርድ የማይችል ሴት ቀዝቃዛ ጸበል ውስጥ ብዙ አትቆይ። ረመዳን ላይ ሀይድሮክሲክሎሮኪን በቀን አንዴ ስለሆነ ከኢፍጣር ጋር ይወሰዳል። በሽታው የተነሳባት ወይም ኩላሊቷ የታመመ ሴት ግን ሳትጾም በፊት ሐኪሟን ትጠይቅ። ለታመመ ሰው ሁለቱም ሃይማኖት በር ከፍተዋል። ሸሆቹም ቄሶቹም ከእኔ የተሻለ ይነግሯችኋል።

ከንግግሩ በኋላ ከቀረቡት ጥያቄዎች ጥቂቱን ልጨምር።

አንድ አባት ተነሡ፤ "ልጄ፣ ይሄ ነገር ይገድላል ወይስ አይገድልም? እውነቱን ንገረን" አሉ። "ጋሼ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ በሽታው ከታወቀ በኋላ 5 ዓመት አይኖሩም ነበር። ዛሬ መድኃኒትና ክትትል ባለበት አገር ከ90 በመቶ በላይ 5 ዓመቱን ያልፋሉ፤ ብዙዎቹም ለእርጅና ይበቃሉ። መድኃኒቱ የሚቆራረጥ ከሆነ ግን ይገድላል" አልኳቸው።

አንዲት እናት፣ "ልጄ ሁለት ዓመት ሙሉ ደህና ናት። ይብቃት ወይ?" አሉኝ። ፕሬድኒሶሎኑን ሐኪሙ ሊያስተዋት ይችላል፤ የወባዋን ግን አብዛኛው ሰው ይቀጥላል። "ታዲያ ደህና ሆና ትውሰድ?" አሉ። "አዎ እማማ፣ ደህና ሆና።" ብዙም አላሳመንኳቸውም።

የመጨረሻው ጥያቄ በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ መጣ፤ ስም የለውም። "ላገባ ነው። መውለድ እችላለሁ? እስከዚያውስ ምን ልጠቀም?" ይላል። ትችያለሽ። በሽታው ቢያንስ ለ6 ወር ጸጥ ካለ በኋላ፣ ከሐኪም ጋር ተመካክረሽ ነው። ሀይድሮክሲክሎሮኪን በእርግዝናም በማጥባትም ጊዜ ይቀጥላል። ማይኮፌኖሌት፣ ሜቶትሬክሴት ወይም ሳይክሎፎስፋማይድ የምትወስጂ ከሆነ ጽንሱን ይጎዳሉ፤ አስቀድመው ይቀየራሉ። አንቲ ሮ የሚባለው አንቲቦዲ ካለብሽ የሕፃኑ የልብ ምት በእርግዝናው ጊዜ ይታያል። እስከዚያው ኤስትሮጅን ያለበትን የተለመደ የወሊድ መከላከያ ክኒን በራስሽ አትጀምሪ፤ ደም የሚያረጋ አንቲቦዲ ካለብሽ አደገኛ ነው። ክንድ ላይ የሚቀበረው ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ እሱንም ቢሆን ሐኪምሽን ጠይቂ። ሌላ ጥያቄ ካለሽ ከሰዓት በኋላ ወደ 10 ሰዓት ገደማ መስኮቱ ጋ ነይ፤ ያን ሰዓት ሰልፍ የለም።